የሚታወቅ ሰው፣ የመጠጥ ጽዋና የዝምታ ጉዳት
በኮሌጅ ለሚማሩ ሴቶች፣ ለወንድሞቻቸውና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ምክር

በየዓመቱ በሺሕ የሚቈጠሩ ልጃገረዶች ከአባትና ከእናት ቤት ተለይተው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከትውልድ ስፍራቸው ርቀው ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ኮሌጅ ይገባሉ። ይህ ለአገር ደስታ፣ ለወላጅም ኩራት ነው። ነገር ግን በዚህ በአዲሱ ኑሮ ውስጥ በግልጥ የማይነገር አንድ የጤና ጠንቅ አለ፤ ይኸውም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ኀይል በደከመበት ሰዓት፣ በሚያውቁትና በሚያምኑት ሰው መደፈር ነው። ነገሩን ማንሣት የሚያሳፍር ቢመስልም፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ፣ ጤናን መጠበቅ የሚቻለው ችግሩን በስሙ በመጥራት ስለ ሆነ እነሆ በግልጥ እንጽፋለን።

ደፋሪው ማን ነው?

ደፋሪ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በጨለማ መንገድ ላይ የሚያደባ እንግዳ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ወንጀለኛ በእርግጥ አለ፤ ሆኖም በምርመራ የተገኘው እውነት ከዚህ ይለያል። ሜሪ ኮስ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ32 ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች 6,159 ተማሪዎችን ጠይቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ከተደፈሩት ሴቶች 84 ከመቶ የሚሆኑት ደፋሪውን አስቀድመው ያውቁት ነበር። የክፍል ጓደኛ፣ የወንድም ባልንጀራ፣ የአገር ልጅ፣ ደብተር የሚያውስ ተማሪ፣ ወይም ወዳጅ የተባለ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ከእነዚሁ ሴቶች መካከል የደረሰባቸውን ነገር «መደፈር» ብለው የጠሩት 27 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ነው። 42 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ለማንም ሰው አልተናገሩም። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። «አውቀዋለሁ፤ በገዛ እግሬ አብሬው ሄጃለሁ፤ የሰጠኝንም ጠጥቻለሁ፤ እንግዲህ በማን ላይ እከሳለሁ?» የሚል አሳብ አፍን ይዘጋል። ይህ አሳብ ስሕተት ከመሆኑም በላይ፣ ወደ ፊት እንደምናስረዳው፣ መድኃኒት ሊሠራ የሚችልበትን ሰዓት ያሳልፋል።

መጠጥ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው

አልኮል ከሆድ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ይደርሳል። አስቀድሞ የሚያደክመው የማመዛዘንና አደጋን የመለየት ኀይልን ነው፤ ቀጥሎ አንደበትና እግር ይከብዳሉ፤ መጠኑ ሲበዛ ሰው ራሱን ይስታል። የሴት ሰውነት ከወንድ ሰውነት ያነሰ ውኃ ስላለው፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ ወንድና ሴት አንድ ዓይነት መጠን ቢጠጡ በሴቲቱ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበዛል። በአንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ያለውን አልኮል ለማጥራት ጉበት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይህን ሥራ አያፋጥነውም። ጠጅና አረቄ ደግሞ እንደየጠማቂውና እንደየአውጪው ኀይላቸው ስለሚለያይ፣ ጠጪው ምን ያህል አልኮል እንደ ወሰደ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህም ሌላ፣ መጠጥ ሲበዛ አንጎል የሚያየውንና የሚሰማውን መመዝገብ የሚያቆምበት ጊዜ አለ። ሴቲቱ ስትራመድና ስትናገር ትታያለች፤ በማግስቱ ግን አንዳች አታስታውስም። ስለዚህ «ትሥቅ ነበር፤ ትናገርም ነበር» ማለት ፈቅዳለች ማለት አይደለም።

በተማሪዎች ዘንድ ጫት ከቃሙ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር መጠጣት፣ «ጨብሲ» የሚሉት ልማድ አለ። ጫቱ የስካሩን ድካም ስለሚሸፍነው፣ ሰው ከልኩ ያለፈ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒኖችም ከአልኮል ጋር ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኀይል ያበረታል፤ እስትንፋስን እስከ ማቆምም ሊያደርሱ ይችላሉ።

በመጠጥ ውስጥ በስውር የሚጨመር ዱቄት መኖሩን ብዙ ሴቶች ሰምተው ይፈራሉ። መጠንቀቁ መልካም ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣና በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በ5,446 ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ኮሌጅ ከገቡ ወዲህ ሳያውቁ በተሰጣቸው ዕፅ ደክመው ሳሉ የተጠቁት 0.6 ከመቶ ሲሆኑ፣ ራሳቸው በወሰዱት መጠጥ ወይም ዕፅ ደክመው ሳሉ የተጠቁት 7.8 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ ክፉ ሰው ምስጢራዊ መርዝ አያስፈልገውም፤ ብርጭቆውን ደጋግሞ መሙላትና ጓደኞቿ እስኪሄዱ መጠበቅ ይበቃዋል።

ጥፋቱ የማን ነው?

መጠጣት ለጤና የማይበጅ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ሰው ላይ የተደረገ ወንጀል ግን አይደለም። ቤቱን ሳይቈልፍ ያደረ ሰው ቢሰረቅ ሌባው ሌባ መሆኑ አይቀርም። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ሴትን በኀይል ወይም በብርቱ ዛቻ ያስገደደውን ብቻ ሳይሆን፣ ኅሊናዋን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ የደፈራትንም ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። የደፋሪው መስከርም ነጻ አያወጣውም። ፈቃድ ማለት አእምሮዋ የነቃ ሰው በነጻነት የምትሰጠው ቃል ነው፤ ከተኛች ወይም ከሰከረች ሴት ፈቃድ አይገኝም።

ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሰዓቱ ነው። የሚከተለውን አንባቢ ሁሉ በልቡ ይያዘው።

1ኛ/ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል በፍጥነት መሄድ ነው። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይጠቅማል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ቢችልም፣ እርሱም ሲፈጥን ይበልጥ ይሠራል። የአባላዘር በሽታና የጉበት በሽታ መከላከያም ከሐኪም ይገኛል።

2ኛ/ ይህ ጽሑፍ የወጣበት መጽሔት ዘወትር «ታጠቡ» እያለ ይመክራል፤ በዚህ ጊዜ ብቻ ግን ሐኪም እስኪያይ ድረስ ገላን አለመታጠብ፣ ልብስንም አለማጠብ ይገባል። የተለወጠ ልብስ ቢኖር በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ታጥባ የቆየችም ብትሆን ከመሄድ አትቅር፤ መድኃኒቱ ይጠቅማታልና።

3ኛ/ ዕፅ ተሰጥቶኛል ብላ የምትጠረጥር ሴት ይህንኑ ለሐኪሙ ቶሎ ትንገር፤ አንዳንዶቹ ዕፆች ከሽንት ውስጥ በ12 ሰዓት ገደማ ይጠፋሉ።

4ኛ/ ለአንድ የምታምነው ሰው መንገር ነው። የእንቅልፍ ማጣት፣ የፍርሃትና ከትምህርት የመሸሽ ስሜት ከሥጋው ቍስል በኋላም ሊቈይ ስለሚችል የምክር አገልግሎት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራ በአንድ ስፍራ የሚገኝበት ማዕከል ተቋቁሟል።

በመደፈር ምክንያት እርግዝና ቢደርስም፣ ሕጉ በአንቀጽ 551 እርግዝናውን በጤና ድርጅት ማቋረጥን ይፈቅዳል።

አስቀድሞ ስለ መጠበቅ

መከላከል የሚቻል መሆኑ ተፈትኖ ታይቷል። በካናዳ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ሴት ተማሪዎች የተካፈሉበትና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። ከሚያውቁት ሰው የሚመጣን አደጋ ቶሎ መለየትንና መቃወምን በአራት ክፍለ ጊዜ ከተማሩት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የተደፈሩት 5.2 ከመቶ ሲሆኑ፣ ትምህርቱን ካላገኙት መካከል 9.8 ከመቶ ነበሩ። የትምህርቱም ፍሬ፣ ሴት ልጅ ለይሉኝታ ስትል ዝም እንዳትል፣ ከማትፈልገው ነገርም ጮኻ፣ ታግላና ሸሽታ ለመውጣት መብት እንዳላት እንድታውቅ ማድረግ ነው።

ጓደኛሞችም አብረው ከሄዱ አብረው ይመለሱ። የሰከረችን ጓደኛ «እኔ አደርሳታለሁ» ለሚል ሰው አይተዉአት። ራሷን የሳተች እንደ ሆነ በጎኗ አስተኝተው፣ ቡና ሳያጠጡ፣ ሳይለዩአትም ወደ ሐኪም ቤት ያድርሷት።

ወጣት ወንዶች ሆይ፤ ባልንጀራችሁ የደከመች ልጅ ይዞ ሲወጣ አይቶ ዝም ማለት ወዳጅነት አይደለም። አንድ ቃል ተናግሮ ማስቆም እርሱንም ከወኅኒ፣ እርሷንም ከዕድሜ ልክ ቍስል ያድናል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ አልቅሳ የነገረቻችሁ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ለምን ጠጣሽ?» አይሁን። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታ የሚጠቅመው ደፋሪውን ብቻ ነው። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ተነሺ፣ ወደ ሐኪም እንሂድ» በሏት። 72 ሰዓት አጭር ጊዜ ነውና።