የሪሚዲያል ተማሪ በምን ይመዘናል?

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በውጫሌ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ ተማሪው አለፈ ወይስ ወደቀ የሚለው ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በሁለቱ መካከል ሪሚዲያል የሚባል ሌላ ዕጣ ገብቷልና። ሪሚዲያል ማለት 50 በመቶ ያላመጡ፣ ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር የሚወስነውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት የሚማሩበትና እንደገና የሚመዘኑበት የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው።

ለፕሮግራሙ መጀመር ምክንያት የሆነው የ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ውጤት ነበር። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዮቹ ሦስት ፈተናዎችም ድርሻው 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በመቶ ነበር።

የሪሚዲያል ምዘና ሲጀመር የተዘረጋው አሠራር ከ100 የሚታሰበውን ውጤት ለሁለት ይከፍለዋል፦ 70ው ሚኒስቴሩ በማዕከል ከሚያዘጋጀው ፈተና፣ 30ው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በየጊዜው ከሚሰጠው ምዘና ይገኛል። ከ30ው 24 የያዘ ተማሪ ከ70ው 26 ካገኘ 50 ይሞላለትና ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ይሆናል፤ ከ30ው 12 ብቻ የያዘው ግን ከማዕከሉ ፈተና 38 ይጠበቅበታል። የ12ኛ ክፍሉ ውጤት ተማሪውን ወደ ፕሮግራሙ ካስገባ በኋላ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም፤ የሥርዓቱ ትልቁ ፍትሕም ይኸው ነው።

በአሜሪካ ኮሌጆች ቀድመው አመልክተው በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ውሳኔያቸው ወደ መደበኛው ዙር የሚተላለፍ አመልካቾች ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እዚያ የቀድሞው ማመልከቻ አይጣልም፤ የግማሽ ዓመት ውጤትና ተማሪው አሁንም ኮሌጁን እንደሚፈልግ የሚገልጽበት ደብዳቤ ተጨምሮበት፣ ከአዲሶቹ አመልካቾች ጋር እየተነጻጸረ እንደገና ይነበባል፤ ስለዚህ ተማሪው የተማረበት ትምህርት ቤትና ያሳለፈው ችግር ለአንባቢው ይታያል። በሪሚዲያል ግን የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ለደቡብ ወሎ ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰበት ወቅት የቀደመው የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና በሌላው የአገሪቱ ክፍል ሲሰጥ የአካባቢው ተማሪዎች አልተፈተኑም፤ የተፈተኑት ከወራት በኋላ በሁለተኛው ዙር ነው። ከእነርሱ በታች የነበሩት ደግሞ ትምህርታቸው በመቋረጡ ያጡትን በቅጡ ሳያካክሱ ክፍል እየጨመሩ ሄደዋል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በእጃቸው ያለውን 30 ነጥብ፣ የጎደለውን ቀድሞ ለመለየትና ለመሙላት ቢጠቀሙበት ይገባል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚሰጥ አንድ ፈተና ክፍተቱን ያሳያል እንጂ አይሞላውም።

በግል ከፍሎ ሪሚዲያል መማርም አለ። ነገር ግን ለአምባሰል ገበሬ ልጅ ይህ ማለት ከትምህርት ክፍያው በላይ ደሴ ላይ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ መሸፈን ነው፤ ይህን የሚችል ቤተሰብ ደግሞ ጥቂት ነው።