የተሰወሩ ሰዎች መዝገብ በጄኔቫ

አስገድዶ መሰወር የሚባለው የመንግሥት ኃይሎች ወይም በእነርሱ ይሁንታ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች አንድን ግለሰብ ከያዙ በኋላ መያዙን ሲክዱ ወይም ያለበትን ሲደብቁ የሚፈጸመው ወንጀል ነው። በዓረቡ ዓለም የተሰወሩባቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች ከአገራቸው ውጭ አቤት ከሚሉባቸው ቦታዎች አንዱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ያቋቋመው፣ አምስት ነጻ ባለሙያዎች ያሉበት የሥራ ቡድን ነው።

ቡድኑ ፍርድ ቤት ስላልሆነ ጥፋተኛ አይለይም፣ ካሣም አይወስንም፤ ሥራው በቤተሰቡና በመንግሥት መካከል ቆሞ የተሰወረው ሰው የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ነው። አቤቱታው የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የተወሰደበትን ቀንና ቦታ፣ ወሰዱት የተባሉትን ኃይሎችና ቤተሰቡ ያደረገውን ፍለጋ ይዘረዝራል፤ ከተሰወረ ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ ጉዳዩ በአስቸኳይ ሥነ ሥርዓት ይታያል። አገሪቱ ስምምነት ማጽደቋ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ አቤቱታ አቅራቢው የአገሩን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ማዳረስም አይጠበቅበትም። አብዛኞቹ የዓረብ መንግሥታት የ2006ቱን የአስገድዶ መሰወር ስምምነት ባላጸደቁበት፣ የዓረብ ሊግ በ2014 መተዳደሪያውን ያጸደቀው የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም ሥራ ባልጀመረበት ሁኔታ፣ የዚህ አሠራር ዋጋ ከፍተኛ ነው።

አልጄሪያ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1990ዎቹ ጦርነት የተሰወሩትን በተመለከተ በጸጥታ ኃይሎች ላይ የሚቀርብ ክስ ተቀባይነት እንዳይኖረው በ2006 የወጣው ድንጋጌ ስላገደ፣ እናቶች በአገራቸው ዳኛ ፊት የሚቆሙበት መንገድ ተዘጋ፤ በቡድኑ ዘንድ ግን የተሰወረው ሰው ዕጣ እስኪታወቅ ድረስ ጉዳዩ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ፣ ከ3,000 በላይ የአልጄሪያ ጉዳዮች ዛሬም መልስ ይጠበቅባቸዋል። መዝገቡ ማንንም ከእስር አያስፈታም፤ ይሁን እንጂ መንግሥት ሰውየውን ከነጭራሹ እንዳልነበረ አድርጎ እንዳይሰርዘው ያደርጋል፣ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ቡድኑ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው በ2013 የተሰወረባቸውና የተሰወሩ ሰዎች ቤተሰቦችን ማኅበር በካይሮ ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ግብፃዊው የሕግ ባለሙያ ኢብራሂም መትወሊ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ከቡድኑ ጋር ለመነጋገር ወደ ጄኔቫ ሊበርሩ ሲሉ በካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው፣ እርሳቸውም ያሉበት ሳይታወቅ ከቆየ በኋላ በእስር ተገኙ። ሕገ ወጥ ቡድን በመምራትና ሐሰተኛ ወሬ በማሰራጨት ተከሰሱ፤ በ2019 ሌላ የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን እስሩን የዘፈቀደ ብሎታል፤ ይፈቱ የሚል ትእዛዝ ሲሰጥም በአዲስ መዝገብ እንደገና ተከሰሱ።