ቲፎዞም እንግዳ ነው

ፖርቶ ሄዶ ምግብ ቤት የገባ ሰው ገና ምንም ሳያዝ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና አይብ ይቀርብለታል። ለአገሩ አዲስ ከሆነ «እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው!» ብሎ ጠራርጎ ይበላል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ወይራውም ዳቦውም ተደምሯል። የአገሩ ደንብ ነው፤ የነካ ይከፍላል፣ ያልፈለገ ሳይነካ ያስመልሳል። ሞሪንሆ በ1996 ዓ.ም. የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገውን ክለብ ሜዳ ለማየት የሚሄድ ቲፎዞ ይህችን አስቀድሞ ቢያውቅ ከኪሱ ያተርፋል።

ይጁቤ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሳይጠየቅ የቀረበ ምግብ አይከፈልበትም፤ ጣጣ የሚመጣው «አልበላም» ሲሉ ነው።

ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በዓባይ በረሃ አቅጣጫ ትገኛለች። አካባቢው ለእንግዳ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የባሶ ገበያ በአገሪቱ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ በዚያ ዘመን ባሪያም ሳይቀር ይመጣበታል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርድበታል። ቋንቋውም ሃይማኖቱም የተለያየ ነጋዴ የተገናኘበት አገር ነው።

የዘመኑን የኳስ አፍቃሪ ወደ ጎጃም መንገድ ያወጣው ደግሞ የባሕር ዳር ስታዲየም ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሌሶቶን 2 ለ 1 የረቱት እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ለሚሄድ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ተወርዶ፣ በ2001 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎት የጀመረው የሕዳሴ ድልድይ ታልፎ፣ ደጀን ተወጥቶ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ከተሳፋሪው መሀል ቤተሰቦቹ ይጁቤ ያሉ ልጅ ካለ «እናቴ ቤት ምሳ ሳንበላማ አናልፍም» ማለቱ አይቀርም። ጨዋታው የሚጀመረው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሰላምታ። ከመኪና መስኮት አንገትን አውጥቶ «ስማ፣ በየት ነው የሚኬደው?» ማለት ገና ሳይጀመር ቢጫ ካርድ ያስመዝዛል። ወርዶ፣ ኮፍያ አንስቶ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነው መንገድ የሚጠየቀው። ትልቅ ሰው «አንቱ» ነው። እዚህ ላይ የከተማው «አንተ» እና «አንቺ» አይሠራም።

ቀጥሎ ጾም። ጨዋታው እሑድ ቢሆንም ጉዞው ብዙ ጊዜ ዓርብ ይጀመራል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም፣ በዚህ አገር «ጥብስ የለም እንዴ?» እያሉ መጮኽ ትዝብት ላይ ይጥላል። ሽሮ በትኩስ የጤፍ እንጀራ ከቀረበ ማመስገን ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም ጤፍ አይታማም።

ማዕድ ላይ ታክቲክ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የቀረበውን ጠራርጎ በልቶ የጠገበ ተሸነፈ። ምክንያቱም «በሞቴ!» ገና ይመጣል፣ «አፈር ስሆን!» ይከተላል፣ ጉርሻው ይደገማል። ልምድ ያለው እንግዳ ቀስ ብሎ እየበላ ለተጨማሪ ሰዓቱ ቦታ ያስቀራል። ጠላ የሚቀዳው ሰው ጥቂት ቀምሶ ሲሰጥ ቅር መሰኘት አያስፈልግም፤ «ንጹሕ ነው፣ እመነኝ» ማለቱ ነው። በመጨረሻ ገንዘብ አውጥቶ «ስንት ነው?» ማለት ስድብ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሲነሱ ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ ግን ያስከብራል።

አረቄው ሲቀርብ ሾፌሩ ከጨዋታ ውጪ ነው። የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ይቅርታ አያውቅም። የደብረ ማርቆስ ብርድም የዋዛ አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በማልያ ብቻ የመጣ ደጋፊ ማታ ጋቢ ሲለምን ያመሻል።

ከሁሉ የከበደው ምክር ስለ አፍ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጓደኛ በጓደኛው ላይ የሚቀልዳት የ«ጎጃሜ» ቀልድ ስታዲየም ውስጥ በሺህ ሰው ድምፅ ስትዘፈን ቀልድ መሆኗ ይቀራል። ይህ የጎጃም ብቻ ጉዳይ አይደለም። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቐለ ከተማ ወልዲያ ላይ ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ በተነሣ ግጭት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። በሰው አገር እንግዳ የሆነው ደጋፊ እንደ ጠላት ሲታይ፣ እሱም ራሱን እንግዳ መሆኑን ሲረሳ የሚመጣው ይህ ነው።

ያ የደጋፊ ጉዞ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ ዋልያዎቹን 3 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ ካፍ ሜዳውን አገደ። በኅዳር ጋናን «በሜዳቸው» የገጠሙት ጆሃንስበርግ ነው። ባለሜዳው ራሱ እንግዳ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ራሱ ሥጋት ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የመጀመሪያው ምክር ከሰላምታም ይቀድማል፦ ከመነሣት በፊት እዚያው ላለ ዘመድ ደውሎ መንገዱን መጠየቅ፣ ማታ አለመጓዝ፣ «አትምጡ» ከተባለ መቅረት። የትኛውም ዘጠና ደቂቃ የሰው ሕይወት አያክልም።

መንገዱ ሰላም ሲሆንና ሜዳው ሲከፈት አውቶቡሶቹ ዓባይን መሻገራቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የፖርቶው ሒሳብ በወረቀት ተጽፎ ይመጣል፤ የይጁቤው በሆድ ይያዛል። ይጁቤ ላይ ምሳ የሚያበሉት እናት እንግዳቸውን የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆነ አይጠይቁትም። የሚጠይቁት ጠግቦ እንደሆነ ብቻ ነው። ቢጠግብም አያምኑትም።