ቄሱና ሽማግሌው፦ የቤተ እስራኤል የጸሎት ቤት አመራር

አንድን ሕዝብ ለመርዳት የሚነሣ ሰው ያ ሕዝብ በማን እንደሚመራ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ለዚህም በጎንደርና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ጥሩ ትምህርት ይሰጡናል።

የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉታል፤ ቃሉ «ሰገደ» ከሚለው የወጣ ሲሆን የመስገጃ ስፍራ ማለት ነው። አገልጋዩ ቄስ ነበር። ቄሱ ኦሪትን በግዕዝ ያነባል፣ ሰንበትን ያስጠብቃል፣ ያጋባል፣ ሙታንን ይቀብራል፣ ኑዛዜም ይሰማል። ይህን ሁሉ እያገለገለ እንደ ጎረቤቶቹ መሬት ያርስ ነበር። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎችና ቄሱ ተቀምጠው ያስታርቁ ነበር።

ከማስተሰርያ ቀን በኋላ በኀምሳኛው ቀን ሕዝቡ ከየመንደሩ ተሰብስቦ፣ እየጾመ ወደ ተራራ ይወጣል። ካህናቱ ኦሪቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሲነበብም ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጐማል። በዓሉ ስግድ ይባላል፤ በዕዝራና በነህምያ ዘመን የታደሰውን ቃል ኪዳን ያስታውሳል።

በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ሰዎቹ ከሞት ተርፈው ደረሱ፤ የመሪዎቻቸው ሥልጣን ግን አብሯቸው አልደረሰም። በእስራኤል የአይሁድ ጋብቻ የሚፈጸመው በረቢዎች ሥርዓት ነው። ረቢው የሚማረውን ታልሙድ ቄሱ አልተማረም፤ ስለዚህ በአገሩ ያጋባ የነበረው ሰው በዚያ ማጋባት አልተፈቀደለትም። ልጆች ዕብራይስጥ ፈጥነው ስለ ተማሩ ለአባቶቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ፤ የሽማግሌውም ቃል ተሰሚነቱ ቀነሰ። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋብቻ ለሚፈልጉት በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት በጠየቀ ጊዜ፣ አይሁድነታችን ተጠራጠሩት ብለው በ1977 ዓ.ም. ማለቂያ በኢየሩሳሌም አደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ።

ሆኖም ስግድ አልጠፋም። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ደነገገ። ዛሬም ቄሶቹ በኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ጥላ ተይዞላቸው በግዕዝ ይጸልያሉ።

እንግዲህ በተፈናቃዮች መካከል የምታገለግሉ ወገኖች ሆይ፣ እህሉንና ብርድ ልብሱን ስትመዘግቡ ይህንንም ጠይቁ፦ በመንደራችሁ የሚያስታርቃችሁ ማን ነበር? የሚያጋባችሁስ? ሙታናችሁን የሚቀብረውስ? የተጠቀሰውን ሰው ፈልጋችሁ ከምክክሩ አታጉድሉት። ሕዝብ መጠለያ አግኝቶም ያለ መሪ ሊበተን ይችላልና።