የጽሑፍ ክርክር

የጽሑፍ ክርክር ማለት ተከራካሪ ወገኖች የሚጠይቁትን ዳኝነትና የሚከራከሩበትን ፍሬ ነገር ለፍርድ ቤት በጽሑፍ የሚያቀርቡበት መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች አቀራረቡ የሚመራው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሰነዶች የክስ ማመልከቻ፣ የመከላከያ መልስ፣ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ እና የይግባኝ ማመልከቻ ናቸው።

ታሪክ

በቀድሞው ዘመን ሙግት በአብዛኛው በቃል ይካሄድ ነበር። «በላ ልበልሃ» በተባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው እየተጠያየቁ ይሟገቱ ስለነበር አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ብልጫ ነበረው። በዘመናዊው ሥርዓትም የቃል ክርክር አልቀረም፤ ሆኖም ወሰኑን የሚያበጀው አስቀድሞ የቀረበው ጽሑፍ ነው።

የክስ ማመልከቻ

በሕጉ አንቀጽ 222 መሠረት ማመልከቻው የፍርድ ቤቱን ስም፣ የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆኑትን ፍሬ ነገሮች እንዲሁም የሚጠየቀውን ዳኝነት ይይዛል። በአንቀጽ 223 መሠረት የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር አብሮ ይቀርባል። የክስ ምክንያት የማያሳይ ማመልከቻ ተቀባይነት አያገኝም።

የመከላከያ መልስ

ተከሳሽ በክሱ የተጻፈውን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ለይቶ ማመን ወይም መካድ አለበት። ለምሳሌ ከሳሽ «50,000 ብር አበድሬዋለሁ» ቢልና ተከሳሽ «ክሱ ሐሰት ነው» ብሎ ቢያልፍ በቂ አይደለም፤ ብድሩን አልወሰደ እንደሆነ ይህንኑ፣ ከፍሎ እንደሆነም መክፈሉን በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። በግልጽ ያልተካደ ፍሬ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል (አንቀጽ 83)።

ማስረጃና ማሻሻል

ከማመልከቻው ወይም ከመልሱ ጋር ሳይያያዝ፣ በመጀመሪያው የክስ መስማት ቀንም ሳይቀርብ የቀረ ሰነድ በቂ ምክንያት ከሌለ በኋላ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ደረሰኙን ቤቱ ረስቶ የቀረ ተከሳሽ ዕዳውን በእርግጥ ከፍሎም ሊረታ ይችላል። በሌላ በኩል የተሳሳተ ጽሑፍ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሊሻሻል ይችላል (አንቀጽ 91)።

አዘጋጆች

ጽሑፉን ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ጠበቃው ሊያዘጋጀው ይችላል። ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ በፍርድ ቤቶች አካባቢ ተቀምጠው በክፍያ ማመልከቻ የሚጽፉ «ራፖር ጸሐፊዎች»ን ይጠቀማሉ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ማንም ይሁን ማን በውስጡ የተጻፈው የባለጉዳዩ ቃል ሆኖ ስለሚወሰድ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ከመፈረሙ በፊት እንዲነበብለት ማድረግ ይጠቅመዋል።