ካራቫን ለሚጎትት ነጂ ተጨማሪ መስተዋት ያስፈልገዋልን?

«የኋላ ከሌለ የለም የፊት» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ ሰው ኑሮ ነው እንጂ ስለ መኪና አይደለም፤ ሆኖም በመንገድ ላይም እውነትነቱ አይቀንስም።

ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ከጠባብ ግቢ ወደ ኋላ ሲወጣ አይተው ያውቁ ይሆናል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ይቀመጣል፤ ረዳቱ ግን ወርዶ ከኋላ ይቆምና «ና! ና! ቀኝ ያዝ! በቃ!» እያለ ይመራዋል። ሹፌሩ የማያየውን ረዳቱ ያይለታል ማለት ነው። መኪናው በአውራ ጎዳና ሲሮጥ ግን ረዳት ከኋላ ሊቆም አይችልምና፥ ሥራውን የሚወርሰው በበሩ አጠገብ የተሰቀለው መስተዋት ነው። ይኸውም ሹፌሮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው ስፖኪዮ የሚሉት ነው።

መስተዋቱ የኋላውን የሚያሳየው ግን የሚጎተተው ነገር እስካልከለለው ድረስ ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ በበጋ ከሚነሣባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ ብዙ ቤተ ሰብ አልጋ፥ ምድጃና ጠረጴዛ ያለበትን፥ ካራቫን የሚባለውን ባለ ጎማ ቤት በቤት መኪናው ኋላ አስሮ ለዕረፍት ይወጣል።

ልማዱ ከሞተር በፊት የተጀመረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪምና ደራሲ፥ በሁለት ፈረሶች የሚጎተት «ዋንደረር» የተሰኘ ቤት በብሪስቶል ከተማ አሠራ። ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ካራቫን ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። ስቴብልስ ሲጓዝ አሽከሩ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እየነዳ ከፊት ይቀድምና መንገዱን ይመለከትለት ነበር። በፈረስ እርምጃ ለሚሄድ ሰው የሚያሰጋው የፊቱ ነበረና። ዛሬ ግን ከኋላ የሚመጣው ከእርስዎ ይልቅ ይፈጥናል።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያንሡ፤ ነገሩ በሥዕል ይበልጥ ይገለጣል። መኪናዎ 1.80 ሜትር፥ ካራቫኑ 2.30 ሜትር ስፋት አላቸው እንበል። እንግዲህ ካራቫኑ በግራም በቀኝም ከመኪናው 25 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይላል። የመኪናው መስተዋት ግን ከመኪናው ጎን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢወጣ፥ ከካራቫኑ ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። የካራቫኑ የፊት ማዕዘን ከመስተዋቱ 4 ሜትር ወደ ኋላ ይገኛል ብለን፥ ከመስተዋቱ ጫፍ ተነሥቶ ያንን ማዕዘን ነክቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጥተኛ መስመር ያስምሩ። ከመስመሩ ወዲህ፥ ወደ ካራቫኑ ያለው ሁሉ ከዓይንዎ የተሰወረ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። መስመሩ በየ4 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ ከመስተዋቱ 20 ሜትር ወደ ኋላ ሲደርስ ከካራቫኑ ጎን 40 ሳንቲ ሜትር፥ 40 ሜትር ሲደርስ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ይሰወራል። የሁለቱን ጎን ደምረው የካራቫኑን ስፋት ቢጨምሩበት፥ በ40 ሜትር ላይ የማይታየው ስፍራ 4.10 ሜትር ይሆናል። በእንግሊዝ አውራ ጎዳና አንዱ የመኪና መሄጃ መስመር 3.65 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በዚያ ርቀት የሚከተልዎት መኪና ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሊቀድምዎት ወደ ጎን መውጣት የጀመረ ሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ሳይታይ ይቀራል።

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ካራቫን የሚጎትት መኪና በእንግሊዝ አውራ ጎዳና ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰዓት 60 ማይል ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ያልጫነው የቤት መኪና እስከ 70 ማይል ማለትም እስከ 113 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ልዩነቱ 16 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ልዩነት 40 ሜትር ርቆ የነበረው መኪና በ9 ሰኮንድ ያህል አጠገብዎ ይደርሳል። ቀስ ባሉ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ የኋላውም ፈጥኖ ይደርስብዎታል።

አደጋው መስመር ሲቀይሩ ብቻ አይደለም። ትልቅ አውቶቡስ ሲቀድም የሚገፋው ነፋስ ካራቫኑን ወደ ጎን ይገፋውና እንደ እባብ እንዲወዛወዝ ሊያደርገው ይችላል። አውቶቡሱን ቀድሞ ያየ ነጂ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፥ ነዳጁንም ቀስ ብሎ ይቀንሳል። ያላየው ግን ይደነግጥና መሪውን ወዲያና ወዲህ ያጣምማል፤ ውዝዋዜውም ይብስበታል።

ሕጉም ይህን ተመልክቶ የወጣ ነው። በእንግሊዝ አገር ካራቫኑ ከመኪናው የኋላ ክፍል የሚሰፋ ከሆነ ተስማሚ የመጎተቻ መስተዋት መግጠም ግዴታ ነው። ነጂው ከተቀመጠበት 20 ሜትር ወደ ኋላ፥ ከካራቫኑ ጎን አንሥቶ 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ሊታየው ይገባል። መስተዋቱም ከካራቫኑ ጎን ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ሕጉን የተላለፈ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ፥ በመንጃ ፈቃዱም ላይ 3 የጥፋት ነጥብ ሊመዘገብበት ይችላል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ያስታውሷል። በዚያ አገር የምትማሩ ወይም የምትሠሩ ወገኖቻችንም ልብ በሉት፤ ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ መጎተት ተፈቅዶለታል። ፈታኝ ከሌለ ዕውቀቱን ራስዎ መፈለግ ይኖርብዎታል።

«ታዲያ በጂቡቲ መንገድ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ለምን ልዩ መስተዋት አያደርግም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የጭነት መኪናውና ተሳቢው ስፋታቸው ተመሳሳይ ስለ ሆነና የመኪናው መስተዋቶች በረጅም ክንድ ወደ ውጭ ስለ ወጡ ነው። ቁም ነገሩ የተሳቢው ርዝመት ወይም ክብደት ሳይሆን ከጎታቹ መስፋቱ ነው። «መኪናዬ ትልቅ ነው» ብሎም መመካት አይበቃም፤ ላንድ ክሩዘር 300 እንኳ ስፋቱ 1.98 ሜትር ነው። በመኪናው ኋላ ያለው ካሜራም ካራቫን ከታሰረ በኋላ የሚያሳየው የካራቫኑን ፊት ብቻ ነው።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፤ ተሳቢው ከመኪናው ካልሰፋና የኋላው መንገድ በደንብ ከታየ የመኪናው መስተዋት ይበቃል። ከሰፋ ግን ያስፈልጋል፤ ካራቫን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሰፋል። ገምተው ሳይሆን በሜትር ለክተው ይወስኑ።

ሲገዙም ሁለት ነገር ይመልከቱ። ጎበጥ ያለው መስተዋት ሰፊ ስፍራ ያሳያል፥ ነገር ግን የሚመጣውን መኪና አሳንሶ ሩቅ ያስመስለዋል፤ ዝርጉ ርቀቱን በትክክል ያሳያል፥ እይታው ግን ጠባብ ነው። ሁለተኛ፥ ማሰሪያው የላላ መስተዋት እየተንቀጠቀጠ ምንም አያሳይምና ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመው እንደገና ያጥብቁት። ካራቫኑን ሲፈቱ ደግሞ መስተዋቱንም ይፍቱ፤ ወጣ ብሎ እግረኛ እንዳይመታ።

ከመነሣትዎ በፊት ግን ረዳት ይጥሩ። እርስዎ መሪው ዘንድ እንደ ተቀመጡ፥ ረዳትዎ 20 ሜትር ወደ ኋላ ይሂድና ከካራቫኑ ጎን ትይዩ ጀምሮ 4 ሜትር ወደ ውጭ ይራመድ። ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ካዩት፥ ያለ ሥጋት መንገድዎን መጀመር ይችላሉ። ለአንድ እርምጃ እንኳ ከጠፋብዎ፥ መስተዋቱን ሳያስተካክሉ አይነሡ፤ በዚያች እርምጃ ላይ ነገ የሚገኘው የማያውቁት ሰው ሊሆን ይችላልና።