ያውቁ ኖሯል? «ባሌስትራ» የቀስትም ስም ነው

ጋራዥ ውስጥ የመኪናን ክብደት ለሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት የምንጠቀምበት «ባሌስትራ» የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ በቃታ የሚተኮሰው የጥንት ቀስትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ የሁለቱም ጉልበት ጎብጦ መመለስ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ ለሽርሽር ከመኪናው ኋላ የሚጎትተው ተሳቢ ቤትም በአብዛኛው የተቀመጠው በባሌስትራ ላይ ነው። ባለሁለት አክስል ከሆነ የፊትና የኋላ ባሌስትራዎቹ መሀል ላይ ጭነት በሚያካፍል ብረት ይያያዛሉ። ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለው ቡሽ አዘውትሮ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ቡሎኑ ብረቱን እየበላ ክቡን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል። ጎንበስ ብሎ ላላየ ሰው ምንም ምልክት የለውም! በነሐስ ቡሽና ግራሶ በሚቀበል ቡሎን መቀየሩ በእጅጉ ያዋጣል።

የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ፣ ወይም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ ከተለያየ፣ አክስሉ ጎብጦ ወይም ባሌስትራው ደክሞ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ባሌስትራ አይበየድም፤ ይቀየራል፣ ያውም ከጥንዱ ጋር። ተሳቢውን ሲያነሱ ክሪኩን ከሻሲው ሥር እንጂ ከአክስሉ ቱቦ ሥር አያስገቡ፤ በጠንካራ ማቆሚያ ሳይደግፉም ከሥሩ አይግቡ።